የሚጮኸው ካምቢዮው እንጂ ሞተሩ አይደለም
(የነዋሪዎች ማኅበሩ የጥገና ኮሚቴ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ባለ ሦስት እግሩን የኤሌክትሪክ ጭነት ተሽከርካሪያችንን የሚመለከት ነው። የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው፣ ቆሻሻ የሚያነሣው፣ ውኃ ሲጠፋም ጀሪካን የሚያመላልሰው እሱ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካለፈው ክረምት መውጫ ጀምሮ ከኋላው የሚያሰማው ጩኸት የሰፈሩ ልጆች እስኪኮርጁት ድረስ የታወቀ ሆኖ ነበር። የታየበት አንድ ጋራዥ «ሞተሩ አልቋል፣ ይለወጥ» አለ። ይሁን እንጂ ንብረቱ በአባላት የወር መዋጮ የተገዛ ስለ ሆነ፣ ሳይመረመር ገንዘብ አይወጣም አልን። ተመረመረ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ካምቢዮው ነው። ከመካከላችሁ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ገዝታችሁ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ስላላችሁ፣ ብልሽቱ እንዴት እንደ ተለየና እንዴት እንደ ተጠገነ ማስረዳቱን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማይወራ ነገር የለም። ከሚወራው አንዱ «ኤሌክትሪክ ነው፣ ዘይት አያውቅም» የሚለው ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሞተሩ እንደ ነዳጅ ሞተር የሚለወጥ ዘይት የለውም። ካምቢዮው ግን አለው፤ ያለ ዘይት ደግሞ አይኖርም።

የኛ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ካምቢዮ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የኋላ ማርሽ የሚባለውም ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ሲዞር ነው። የካምቢዮው ሥራ የሞተሩን ፈጣን ዙር ቀንሶ በምትኩ ጉልበት መስጠት ነው። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ቢዞርና የማርሾቹ ሬሾ 10 ለ 1 ቢሆን፣ ጎማው 300 ዙር ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም ከሆነ ይህ በሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዙሩ በ10 ሲቀንስ ጉልበቱ በግምት 10 እጥፍ ያድጋል። ድንኳን ተጭኖ ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከሙት ጥቂት የብረት ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ዘይት ሲበላሽ ብረት ብረትን ይበላል።

ነገሩ የጩኸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካምቢዮው ዳገት ላይ ቢሰበር ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ጭነቱን ይዞ የሚያቆም ነገር ፍሬኑ ብቻ ነው። ጥርሶቹ ተነካክሰው ቢቆልፉ ደግሞ የኋላ ጎማ በጉዞ ላይ ድርቅ ሊል ይችላል። ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ይህ ቢሆን ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። ስለዚህም ነው ጩኸቱ እስኪለይ ድረስ ተሽከርካሪው እንዲቆም ያደረግነው።

አመረመሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጆሮ። ባዶውን፣ በሜዳ መንገድ፣ በቀስታ ይነዳል። ጉልበት ሲሰጠውና ሲለቀቅ ድምፁ የሚለዋወጥ ከሆነ ማርሹ ይጠረጠራል። ቢሰጠውም ቢለቀቅም ከፍጥነቱ ጋር እኩል የሚያጉረመርም ከሆነ ወደ ኩሽኔታ ያደላል። ሲታጠፍ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ዲፈረንሻሉ ይታያል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነማ ካምቢዮውን ምን አመጣው? ፍሬኑ ይፈተሽ።

2ኛ/ አነሣሥ። ጉልበት ሲሰጠው እየተንቀጠቀጠ አልነሣም የሚል ከሆነ፣ ካምቢዮ ከመፍታት በፊት ከሞተሩ ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄዱት ሦስቱ ወፋፍራም ገመዶችና አብረዋቸው ያሉት ቀጫጭኖቹ ይታዩ። የላላ ወይም የዛገ ማያያዣ ብዙ ሰው ሞተር አስለውጦታል። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ ጎማው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ያሉት ጥርሶች ተልጠዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

3ኛ/ እጅ። የፊት ጎማው በድንጋይ ይታገዳል፤ የኋላው በክሪክ ይነሣና በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተነሣ ተሽከርካሪ ሥር ማንም አይገባም። ቁልፉ ተዘግቶ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል፤ የዲፈረንሻል ጠባይ ነው፣ አትደንግጡ። የሚፈለገው የሻከረ አዟዟር፣ ቋ የሚል ድምፅና የጎማው ወዲያና ወዲህ መላወስ ነው።

4ኛ/ ዘይት። የማፍሰሻው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ሳሕን ላይ ይፈስሳል። እንደ ቅባት የላመ ግራጫ የብረት ብናኝ ጥቂት ቢኖር የተለመደ ነው። በጣት የሚለይ ስባሪ ከታየ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። መልኩ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል።

5ኛ/ መለያየት። ሞተሩ ከካምቢዮው ተፈትቶ፣ በደንብ ታስሮ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻውን በዝግታ እንዲዞር ይደረጋል። ጩኸቱ ከቀጠለ ነገሩ ከሞተሩ ነው፤ ጸጥ ካለ ሞተሩ ነጻ ነው።

በኛ ተሽከርካሪ ላይ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር ድምፁ የስፌት መኪና ያህል እንኳ አልነበረም። ከካምቢዮው የወጣው ዘይት ደግሞ ማኪያቶ መስሎ ነበር፤ በሥሩም ስባሪ ብረት ተገኘበት። ውኃው ከየት መጣ? በጭነት የጋለ ካምቢዮ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻውና በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ውኃ ይስባል። የክረምቱ ጎርፍ በታችኛው መንገድ እስከ ጎማው እምብርት ይደርስ እንደ ነበር የምታስታውሱት ነው።

ታዲያ ኩሽኔታ ብቻ አይለወጥም ነበር ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው። የማርሾቹ ጥርስ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታና የዘይት ማገጃ ጎማ ለውጠን፣ በትንሽ ገንዘብ እንገላገል ነበር። ነገር ግን የሁለቱ ማርሾች ጥርስ ተቦርቡሮ ነበር። ማርሾች እየተላመዱ የሚያረጁ ጥንድ ናቸው፤ አሮጌውን ከአዲስ ብታጋቡት አዲሱንም ይበላዋል። ስለዚህ ሙሉው ካምቢዮ እንዲለወጥ ተወሰነ።

ካምቢዮ የምትገዙ ሰዎች ሆይ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚለውን አትመኑ። የሞተሩን ዘንግ የሚቀበለው ቀዳዳ ጥርሶች ቁጥር፣ የሞተሩ ብሎኖች ርቀት፣ የአክስሉ ርዝመት፣ የፍሬኑ ዓይነትና የማርሾቹ ሬሾ አንድ በአንድ ይመሳከሩ። ሬሾው ከአሮጌው ካነሰ ተሽከርካሪው በሜዳ ይፈጥን ይሆናል፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይግላል።

ሲገጠምም ከሁሉ አስቀድሞ ቁልፉ ይዘጋል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ በኮንትሮለሩ ውስጥ የቀረው ኀይል እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃል። 60 ቮልት ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ደግ አይደለም፤ ቁልፍ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች መካከል ቢወድቅ ብረት ያቀልጣል። ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት ምልክት ይደረግባቸው። የዘንጉ ጥርስ ግራሶ ይቀባ፤ ብሎኖቹ በማዶ ለማዶ ተራ ይጥበቁ። አዲስ ካምቢዮ ያለ ዘይት ሊመጣ ስለሚችል፣ ሠሪው ያዘዘው ዓይነትና መጠን ሳይሞላ አንዲት ዙር እንኳ አይዙር። ከዚያም ጎማው እንደ ተነሣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተሞክሮ ነው መሬት የሚነካው። እኛም በዚህ ተራ ሄደን፣ ተሽከርካሪው ባዶውን፣ ቀጥሎም በግማሽ ጭነት ተነድቶ ጸጥ ብሏል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህ ሁሉ የተነገረው ለባለ ሦስት እግሩ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባትሪ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዝ ይገድላል። ብርቱካናማ ገመድ ያያችሁበትን ለሠለጠነ ባለሙያ ተዉት።

በመጨረሻም ጠቅላላ ስብሰባው የሚከተሉትን እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን፦

ሀ/ ሠሪው ከወሰነው ጭነት በላይ እንዳይጫን፣ የለቅሶ ቤት ጥድፊያም ቢሆን ሁለት ጊዜ እንዲመላለስ፤
ለ/ የጎማው እምብርት በሚደርስ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከገባም በማግሥቱ ዘይቱ እንዲታይ፤
ሐ/ ዘይት የታየበትና የተለወጠበት ቀን በመዝገብ እንዲጻፍ፤
መ/ አዲስ ድምፅ የሰማ ሾፌር ተሽከርካሪውን ሲያቆም «ሥራ ፈታህ» ተብሎ እንዳይወቀስ፤
ሠ/ ሲበላሽ የኋላ ጎማው መሬት እየነካ እንዳይጎተት። ጎማው ሞተሩን እያዞረ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከአምስቱ ይበልጥ የምንለምናችሁ አራተኛውን ነው። ጩኸቱን መጀመሪያ የሚሰማው ሾፌሩ ነው፤ ፈርቶ ዝም ካለ የሚከፍለው የሁላችንም ኪስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!