ጠጣር አሲድና ውሃ



በሓድነት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሣ መሐንዲስ ሁሉ፣ ነዳጅ ሳይቃጠል ኤሌክትሪክ ቢገኝ ብሎ ሳይመኝ አይቀርም። የግእዙ ሊቅ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወልደው በአብዮቱ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር የተሰደዱት ፕሮፌሰር ሶሲና ኃይሌ የደከሙበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ፊውል ሴል ሃይድሮጅንን ከኦክሲጅን ጋር ሳያቃጥል ያዋሕዳል፤ ለዚህም በመካከሉ እንደ ፕሮቶን ያለ አዮን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮላይት ይሻል። ሶሲና በካሊፎርኒያ የመረጡት ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የተባለውን ጠጣር አሲድ ነበር። ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ሰልፌቶቹ በየቦታቸው ይሽከረከራሉ፤ ፕሮቶኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። እንዲህ ያለው ዝላይ በማግኔታዊ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ ይታያል፤ ፕሮቶኖቹ ሲፈጥኑ ሰፊው የስፔክትረም መስመር ይጠብባል።

ሆኖም ጠጣሩ አሲድ በውሃ ይሟሟል፤ ፊውል ሴል ደግሞ ውሃ ያመነጫል! መፍትሔው የመሐንዲስ መፍትሔ ነበር፤ ሴሉን ውሃ እንፋሎት ሆኖ በሚቆይበት ሙቀት ማሠራት። ውጤቱ በ2001 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጣ።

ችግሩ ግን ከካታሊስቱ መጣ። ፕላቲነሙ ባለበት ሃይድሮጅን ሰልፌቱን እየበላ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አስገኘ፤ ይህም ፕላቲነሙን ራሱን መረዘው። ስለዚህ ሶሲናና ባልደረቦቻቸው በሰልፌቱ ፈንታ ፎስፌት ተኩ፤ ይህንንም በ2004 «ሳይንስ» ላይ አስታወቁ። ፎስፌቱ በ240 ዲግሪ ገደማ ይሠራል፤ ደርቆ እንዳይበላሽ ግን ከጋዙ ጋር እንፋሎት ይገባለታል። ሴሉ በሚቆምበት ጊዜ ደግሞ እንፋሎቱ ውሃ ከመሆኑ በፊት መወገድ አለበት፤ አለዚያ ኤሌክትሮላይቱ ይሟሟል።