ለአነስተኛ የናፍጣ ትራክተር የሚስማማ ተቀጽላ ስለመምረጥ የቀረበ ንግግር




የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋነኛ ዓላማው የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገበያ ማቅረብ ነበር። ቡናው ለዚያ ገበያ የሚበቃው ግን በመጀመሪያ በማጠቢያ ጣቢያው ላይ በወቅቱ ሲፈለፈል ነው። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው አነስተኛ ትራክተርም የሚታየው ከዚሁ አንጻር ነው።

አነስተኛ ትራክተር ሲባል ገበሬው ከኋላው ሆኖ በሁለት እጀታ የሚነዳው፣ ባለሁለት ጎማና ባለአንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው መሣሪያ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) በአውስትራሊያ መንግሥት ድጋፍ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ይህን ዓይነቱን ትራክተር ለአነስተኛ ገበሬዎች ሲያስተዋውቅ፣ በአገራችን ሥራው ከተካሄደባቸው አካባቢዎች መካከል አሰላና ሐዋሳ ይገኙበታል። እዚያ ትራክተሩ የሚዘራው ስንዴና በቆሎ ነው። የጌዴኦ ማሳ ግን ሌላ ነው።

በጌዴኦ ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይኖራሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው አኗኗር ተጠብቆ በመቆየቱ ነው። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ማሳውም ጠባብ ነው። ቡና ምግቡን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው። በመሆኑም ከትራክተሩ ጋር በብዛት የሚመጣው አፈር ገልባጭ ተቀጽላ፣ ማለትም ሮታቫተር፣ ቡና ውስጥ ቢገባ ሥሩን ይበጣጥሳል፣ የላላውንም አፈር ለጎርፍ ይሰጣል። ሻጩ ሮታቫተሩን እንደ ምርቃት ቢሰጥ እንኳ ለዚህ ማሳ ምርቃት አይደለም።

ታዲያ ትራክተሩ ለይርጋጨፌ ማኅበር ምን ይሠራል? ሦስት ሥራዎች አሉት፦ የእሸት ቡና መፈልፈያውን ማዞር፣ ውሃ መግፋትና ጭነት መሳብ። ከሁሉም የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው። በለቀማው ወራት እሸቱ ከየቀበሌው ተሰብስቦ ጣቢያው የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ በክምሩ ውስጥ ይሞቃል፣ ያለጊዜው መብላላት ይጀምራል፣ የደረጃውም ዋጋ ይወርዳል። የአንድ ሌሊት ብልሽት የብዙ አባላትን የዓመት ድካም ይነካል ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ለመፈልፈያው መመጠኑ የግዢ ኮሚቴው ብቻ ሳይሆን የጠቅላላ ጉባዔውም ጉዳይ ነው።

መመጠን የሚጀምረው ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በማንበብ ነው። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ከሚገጠሙት ሞተሮች ብዙ የሚታወቀውን ኤስ195ን ብንወስድ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል፦ አንድ ሲሊንደር፣ ስፋቱ 95 ሚሊ ሜትር። ሰሌዳው ሁለት የጉልበት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። አንዱ ሞተሩ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚሸከመው 9.7 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ ሌላው ለ12 ሰዓት የሚችለው 8.8 ኪሎ ዋት ወይም 12 የፈረስ ጉልበት ነው። ሁለቱም የሚገኙት በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ነው። በገበያ ላይ ትልቁ ቁጥር ቢነገርም፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ መፈልፈያ የሚያገለግለው ትንሹ ነው።

ትንሹም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ቁጥሩ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል። 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ጣቢያ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለው ከ10 በታች ይሆናል። ቺንጋው የሚበላው ሲቀነስና ሞተሩ እንዳይጨነቅ ጥቂት መጠባበቂያ ሲተውለት፣ ለሥራ የሚቀረው 7 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ ያልተነሣ ግዢ ጥቁር ጭስ በሚተፋ ሞተር ይጠናቀቃል። ጭሱም ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ ማለትም የአባላት ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍጥነት ነው። ሞተሩ 2,000 ዙር ይዞራል፤ ዲስክ ያለው መፈልፈያ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ዙር ይፈልጋል፣ ትክክለኛው ልክም በራሱ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። መፈልፈያው ከተወሰነለት በላይ ሲፈጥን ፍሬውን ይጨፈልቃል፣ ይቆርጣል፤ የተቆረጠ ፍሬ ደግሞ በቅምሻ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ሲዘገይ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። ለምሳሌ መፈልፈያው 200 ዙር ይፈልጋል እንበል። በሞተሩ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ካለ፣ በአንድ ቺንጋ ብቻ ለማድረስ በመፈልፈያው ላይ 120 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ሊገጠም ነው፤ ይህ አይሆንም። መፍትሔው መካከለኛ ዘንግ ነው። ከሞተሩ 12 ወደ ዘንጉ 48 ሲሄድ ዘንጉ 500 ዙር ይዞራል፣ ከዘንጉ 16 ወደ መፈልፈያው 40 ሲሄድ 200 ይመጣል። በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ አንድ ዘንግ ሌላ ሞተር ከመግዛት የሚረክስ መሆኑ ግልጽ ነው። በአንድ ፑሌጃ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ቺንጋዎች በአንድነት ይለወጣሉ፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲገጠም ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ቶሎ ይበጠሳል።

የውሃው ፓምፕ ከመፈልፈያው ይልቅ አሳሳች ነው። በሰከንድ 8 ሊትር ውሃ፣ የቧንቧው ግጭት ተጨምሮበት 25 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ንጹሕ ጉልበት 2 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ፓምፑ ከሚቀበለው ግማሹን ብቻ ወደ ውሃው ቢያደርስ፣ ሞተሩ የሚሰጠው 4 ኪሎ ዋት ወይም ከ5 በላይ የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ይህ ከ7ቱ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን «ውሃው ቶሎ ይምጣ» ተብሎ ፑሌጃው ቢለወጥና ፓምፑ በ20 በመቶ ቢፈጥን፣ የሚጠይቀው ጉልበት በ20 በመቶ ብቻ አይጨምርም። በዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ጉልበቱ ከፍጥነቱ ጋር ሦስት ጊዜ እየተባዛ ስለሚያድግ፣ ጭማሪው ከ70 በመቶ ያልፋል፤ የፈረስ ጉልበቱም ወደ 9 ይደርሳል። ሞተሩ ሰነፈ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱ ግን የፑሌጃው ነው።

ፓምፑ የሚቀመጥበት ቦታም ከከፍታው ጋር ይያያዛል። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ያነሣል፤ በ1,900 ሜትር ላይ ይህ ወደ 8 ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሜትር ቢቆጠር ነው። በመሆኑም ፓምፑ ከወንዙ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋል። ሞተሩ ከጣቢያው አይንቀሳቀስ ብሎ ረጅም መምጠጫ ቧንቧ መዘርጋት አያዋጣም።

መፈልፈያው 3 የፈረስ ጉልበት ከፈለገ፣ ከፓምፑ ጋር ሲደመር ከ8 ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በዚያ ሞተር አይዞሩም። ትራክተሩ ጎማ ያለው መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀን ከወንዙ ዳር ሆኖ ለ3 ሰዓት ቢገፋ፣ በሰከንድ 8 ሊትር ሒሳብ ከ86,000 ሊትር በላይ ውሃ ገንዳ ይሞላል፤ ማታ ደግሞ ወደ ጣቢያው ተመልሶ መፈልፈያውን ያዞራል። እንግዲህ ገንዳ የሌለው ማኅበር ሁለተኛ ሞተር ከመጠየቁ በፊት የገንዳን ዋጋ ቢያስጠና ይሻላል።

ተሳቢው ከሦስቱ ጥቂት ጉልበት የሚጠይቅ ቢመስልም፣ ሰው የሚጎዳው በእሱ ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ በይርጋጨፌ ቀበሌዎች መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ከዚህም በላይ ነጂው አንድ ነገር አስቀድሞ ሊማር ይገባል። በሜዳ ላይ የግራውን የመዞሪያ መያዣ ሲጨብጥ ትራክተሩ ወደ ግራ ይዞራል። በቁልቁለት ግን ጭነቱ ከኋላ ስለሚገፋ፣ ከሞተሩ የተለየው የግራ ጎማ ይፈጥናል፣ የቀኙን ሞተሩ ይይዘዋል፤ ትራክተሩም ሳይታሰብ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። የቡና ጆንያ የጫነ ነጂ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው ገደል አፋፍ ላይ መሆን የለበትም። በቁልቁለት መያዣዎቹ አይነኩም፤ አቅጣጫው በእጀታው በራሱ ይመራል። ዝቅተኛው ማርሽ የሚገባው ከአናቱ ላይ፣ ትራክተሩ ቆሞ ሳለ ነው። መንገዱ ሜዳ እስኪሆን ድረስም ፍሪሲዮን አይረገጥም፣ አይጨበጥምም።