ብስክሌትን ለጭቃና ለአቀበት ስለ ማሰናዳት



በሱቅ ደጃፍ ሲታይ ብስክሌት ሁሉ መልካም ነው። ፈተናው የሚመጣው ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ነው። አገራችንም አቀበትና ቁልቁለት የበዛባት ስለ ሆነች፤ ብስክሌትን እንደ መንገዱ ጠባይ አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ፍሬን ነው። አቀበት ያደከመው ሰው ወርዶ ብስክሌቱን ይገፋል፤ በቁልቁለት ፍሬን ያጣ ግን የራሱንም የመንገደኛውንም ሕይወት ለአደጋ ይሰጣል። ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን ላስቲክ ውሃና ጭቃ ሲነካው ይንሸራተታል፤ አሸዋም ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት ቸርኬውን መጥረግ፤ ያለቀውንም ላስቲክ መለወጥ ይገባል። በጭቃ ላይ የፊቱን ፍሬን በኃይል መጨበጥ አደገኛ ነው፤ የፊት ጎማ ከተንሸራተተ መሪው አይታዘዝምና። ኩርባ ሳይደርሱ በሁለቱም ፍሬን ቀስ በቀስ ፍጥነትን መቀነስ ይሻላል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ለጭቃ የሚስማማው ጥርሶቹ ረዘም ያሉና የተራራቁ ጎማ ነው፤ ሲዞር ጭቃውን እየጣለ ይሄዳልና። ንፋሱም እጅግ አይጥበቅ፤ ጥቂት የላላ ጎማ መሬቱን ደኅና አድርጎ ይይዛል። ከመጠን በላይ ቢላላ ግን ድንጋይ ሲያገኘው ካላማዳሪያው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል።

ብዙ ሰው ጎማ በሰፋ መጠን ይሻላል ይላል። ዋልካ አፈር ባለበት አገር ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዋልካ እንደ ሊጥ ተጣብቆ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይሞላል፤ በመጨረሻም ጎማው መዞር ያቆማል። እንግዲህ በዚህ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ፤ ቀጠን ያለ ጎማ ማግባት ወይም ለክረምቱ ፓራፋንጎውን መፍታት ይበጃል። የቆሸሸ ልብስ ይታጠባል።

ሦስተኛው የማርሹ ጥርስ ነው፤ ይህም የሒሳብ ትምህርታችን የሚገልጠው ነገር ነው። የፊቱ ጥርስ 46፤ የኋላው 18 ቢሆን፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ከ2 ጊዜ ተኩል በላይ ይዞራል። ይህ ለሜዳ መልካም፤ ለአቀበት ግን ከባድ ነው። የኋላው በ22 ጥርስ ቢለወጥ፤ ጎማው 2 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አቀበቱ ግን ለጉልበት ይቀላል። ሰንሰለቱም በዚያው ልክ መርዘም አለበት። ከጭቃ በተመለሱ ቁጥር ሰንሰለቱን አጥቦ፤ አድርቆና ዘይት ቀብቶ የተረፈውን ዘይት መጥረግ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ወላጆች ሆይ፤ ብስክሌት ተማሪን ከትምህርት ቤት፤ እህልን ከወፍጮ፤ መድኃኒትን ከበሽተኛ ቤት ያደርሳል። ስለዚህ ለልጃችሁ ብስክሌት ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ፍሬኑን ተመልከቱ። እናንተም ጓደኞቼ፤ መፍቻ ይዞ እጅን በግራሶ ማቆሸሽ ለተማረ ሰው ነውር አይምሰላችሁ። መንገዱ እስኪስተካከል መጠበቅ ግድ አይደለም፤ ብስክሌቱን ለመንገዱ ማስተካከል በእጃችን ነው።

እግዚአብሔር መንገዳችንን ያቅናልን።