በሳሾቹ ጉባኤ ያየነው
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካ፣ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ ጆሮና አፍንጫ የሚበሱ ባለሙያዎች ማኅበር ባደረገው ዓመታዊ ጉባኤ ተገኝተን ነበር። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ጌጥ ብቻ የሚወራ መስሎን ስንገባ፣ ትምህርቱ በአብዛኛው ስለ ንጽሕና ሆኖ አገኘነው። መርፌ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መሣሪያ ሁሉ 121 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሚደርስ የታመቀ እንፋሎት ይመክናል፤ አዲስ ለተበሳ ገላ የሚመረጠው ሐኪሞች በአጥንት ውስጥ የሚተክሉት ዓይነት ቲታኒየም ነው። በየሱቁ ጆሮ የሚበሳበትን ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ግን ማኅበሩ አይቀበለውም። ፕላስቲኩ ያን ሙቀት ስለማይችል፣ የአንዱ ደም የጉበት በሽታን ለሌላው ሊያቀብል ይችላልና።

እነዚህ ሰዎች ሙያውን ያገኙት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። አንዱ የሚያውቀውን ከሌላው ሳይሸሽግ እርስ በርስ ይማማራሉ። በአገራችን የእናቶቻችን ጆሮ የተበሳው እቤት፣ በመርፌና በክር ነው፤ ቀጥቃጩና ሸማኔውም «ባለ እጅ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ዲግሪ ያልጠየቀው ሙያ ለሰው ደም ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ዲግሪ የምንቀበለው እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?