መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው እንዳይቋረጥ

የሊኑክስ ሰርቨርን ከሩቅ ሆኖ ማስተዳደር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ኤስኤስኤች ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን በፈረንጆቹ 1995 የሠራው፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተጠለፉ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ በስፋት ይሠራበት የነበረው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር በግላጭ ይልክ ነበር።

ዛሬም ደካማው ቦታ የይለፍ ቃል ነው። ለኢንተርኔት የተጋለጠ ሰርቨር የኤስኤስኤች መግቢያ የሆነውን ፖርት 22ን ሌት ተቀን የሚያንኳኩ፣ የይለፍ ቃል የሚገምቱ ፕሮግራሞች አያጡትም። ስለዚህ በቁልፍ ጥንድ ግቡ። የግል ቁልፉ ከኮምፒውተራችሁ አይውጣ፤ እሱም በምስጢር ሐረግ ይቆለፍ። በቁልፍ መግባታችሁን ስታረጋግጡ በይለፍ ቃል መግባትን ዝጉ።

እኔን ከሌባው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ግን ራስን ውጭ አስቀርቶ በር መዝጋት ነው። የኤስኤስኤችን ማስተካከያ ወይም ፋየርዎሉን ስትነኩ የተከፈተውን መስመር አትልቀቁ። «ኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ቲ» የሚለው ትእዛዝ በማስተካከያ ፋይሉ ላይ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ይነግራችኋል። ከዚያ አገልግሎቱን አድሱና በሌላ መስኮት እንደ አዲስ ግቡ። አዲሱ ሲሳካ ብቻ አሮጌውን ዝጉ። ሰርቨሩ ሌላ አገር ከሆነ ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥባችሁ ደግሞ ቲመክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። እንደ ዳታቤዝ ቅጂ ያለ ረጅም ሥራ በቲመክስ ውስጥ ከተጀመረ፣ መስመሩ ቢጠፋም ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ ከደረሰበት ታገኙታላችሁ። እባካችሁ ዛሬውኑ ጫኑት።