የሠራተኛው አመለካከትና የድርጅቱ የአካባቢ ጥበቃ ውጤት፤ ከእንጦጦ ችግኝ ተከላ አንጻር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በክረምት በየካ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው ችግኝ ሲተክሉ ያያል። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል።

ቁጥሩ የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን አይናገርም። ችግኙ የሚመጣው በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ነው። ላስቲኩ ሳይቀደድ ጉድጓድ ከገባ ሥሩ እዚያው ይጠመዘዛል፤ በጋ ሲመጣም ይደርቃል። ላስቲክ መቅደድ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሆኖም ሠራተኛው የወጣው ስሙ በመዝገብ እንዲያዝለት ብቻ ከሆነ አፈሩን መልሶ መሄድ ይበቃዋል። ሥራ አስኪያጁ ዕቅዱን ያጸድቃል፤ ችግኙን ግን ማጽደቅ አይችልም።

በዩኒየን ሥራም ይኸው ይታያል። የፀረ ተባይ ኬሚካል ያለቀበት ጄሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ መወገድ አለበት። የሚበሳው የርጭት ወይም የመጋዘን ሠራተኛው ነው። እርሱ ቸል ካለ ጄሪካኑ ከአርሶ አደሩ ቤት ገብቶ የውኃ መቅጃ፣ አልፎም የጠላ ማስቀመጫ ይሆናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ አዋጁ ግን ሌሊት መጋዘን ውስጥ አያድርም።

ታዲያ አመለካከት በስብሰባ ብቻ ይለወጣል ማለት አይደለም። ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዓመታት የደን ጠላት ተደርገው ተቆጥረዋል፤ ጥበቃውም ሲያሳድዳቸው ኖሯል። ከእነርሱ የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ሲጀምሩ ግን ሸክሙን ትተዋል። ሸክሙን ያስተዋቸው ሌላ እንጀራ መገኘቱ ነው እንጂ ምክር ወይም ዱላ አይደለም።

ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ ኬሚካል የሚያስነሡት የቀን ሠራተኛም ስለ አካባቢ ጥበቃ ቢነገረው ቃሉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የራሱ ሳንባ ያልታሰበለት ሰው ስለ ወንዙ እንዲያስብ ይጠየቃል።

እንግዲህ ጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ሲቀርብለት ሁለት ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው። ባለፈው ክረምት ከተተከለው ዘንድሮ በሕይወት ያለው ስንት ነው? ለመጋዘንና ለርጭት ሠራተኞች ጓንት የተገዛውስ መቼ ነው?