ባሕሩንና ግንቡን ለማየት፦ ስለ ጉዟችን ዕቅድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

  ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ስለ ጣናና ስለ ጎንደር ጉዟችን ዕቅድ ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ «የድንጋይ ግንብ ለማየት ገንዘብ ይወጣል ወይ? በዚያ ገንዘብ በግ አይገዛበትም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከመንገዱ በፊት መልስ ይገባዋል። ለጉዞው የሚወጣው ገንዘብ ከብድሩ ሣጥንም ከረጂዎች ከሚመጣውም አይነካም። እያንዳንዷ ለብቻው በወር በወር የምታስቀምጠው ነው፤ ሐሳቧን የቀየረች ያስቀመጠችውን ይዛ ትወጣለች። በግ መግዛት የምትሻም ትግዛ፣ ማንም አይቀየማትም።

መሄድ አለብን የምለው ግን በአንድ ምክንያት ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ጎንደርንም ባሕር ዳርንም እናውቃለን። የምናውቃቸው ግን ሕመምተኛ ይዘን ሆስፒታል ደጃፍ ስናድር፣ ወይ በክስ ጉዳይ ስንመላለስ ነው። ከሆስፒታሉ በር እስከ መናኸሪያው ያለውን መንገድ ዓይናችንን ጨፍነን እንሄደዋለን፤ ፋሲል ግቢን ግን ከአጥሩ ውጪ ነው ያየነው። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳይታመምብን እንሂድ ነው የምለው።

አሁን ወደ ዕቅዱ። የጉዞ ዕቅድ ማውጣት ማለት ቦታ መደርደር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ መምህር በነበርኩ ጊዜ ተማሪዎችን አጅቤ የሄድኩበት ጉብኝት ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች በሁለት ቀን ሰባት ቦታ ጻፉ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሲወርዱና ሲወጡ ዋሉ፤ ግንቡ ጋ ስንደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ እኔ የጀመርኩት በመቁረጥ ነው። የለካሁትም በጠንካራዋ ሴት ሳይሆን ጉልበቷን በሚያማትና ሕፃን ባዘለችው ነው።

መነሻችን ደብረ ታቦር ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የጋይንቶቹ ማለዳ ተነሥተው ይደርሳሉ። ከወገዳ የሚመጡት የስማዳ እኅቶች ግን በዋዜማው መጥተው ደብረ ታቦር ከአባላት ቤት ያድራሉ። ሌሊት መንገድ የሚባል ነገር በዚህ ዕቅድ ውስጥ የለም።

በጉና ሥር ስናልፍ ተራራውን እዩት። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እሱ ላይ የዘነበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል። (የስማዳ ውኃ በበሸሎ በኩል ዞሮ ዓባይን ከታች ነው የሚያገኘው፤ የስማዳዎቹ እንዳትቀየሙ።) ወረታን አልፈን የርብን ድልድይ ስንሻገር ወንዙ ያው የእኛው ነው፤ በክረምት ሲሞላ ይዞት የሚወርደውም አፈር ከእኛ ማሳ የተጠረገ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት እርከን ስንሠራ «ለማን ነው የምንለፋው?» የምትሉ አላችሁ። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ደለሉንም እምቦጩንም ታዩታላችሁ። ለእኔ ከግንቡ እኩል የሚያስኬደን ይኼ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ማረፊያችን እንፍራንዝ ነው። አዲስ ዘመንን አልፎ የሚታየውን እንደ ጣት የቆመ ድንጋይ ከመስኮት እናየዋለን፤ አንወርድም። እንፍራንዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ። አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል፤ ማለትም ፋሲል ጎንደር ላይ ከመገንባታቸው በፊት ነው። ግንብ በጎንደር ተጀመረ ብሎ ለሚያስብ ይህ አዲስ ነገር ነው። አቀበቱ አጭር ቢሆንም አቀበት ነው፤ የማይችሉ ከሥር ዛፍ ጥላ ፈልገው በሶ እየበጠበጡ ይጠብቁናል። ከላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ጣና ተዘርግቶ ይታያል። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም ይባላል፤ እኛ ግን ጣናን ባሕር ብለን ነው የምንጠራው፣ ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ባሕሩና ግንቡ ባንድ ላይ የሚታዩበት ቦታ ስለሆነ ጉዛራን አልቆርጥም አልኩ።

ማታ ጎንደር ገብተን እናድራለን፤ ሁለት ሌሊት እዚያው ነን። በማግስቱ ጠዋት፣ ጉልበት ሳለን፣ የምንሄደው ብዙ ሰው ወደማይደርስበት ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ይህ የእቴጌ ምንትዋብ ቦታ ነው። ምንትዋብ የቋራ ልጅ ናት። ባሏ አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጇ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር፤ ዘውድ ደፍታ ከልጇ ጋር አገር ያስተዳደረች፣ ኋላም የልጅ ልጇ ኢዮአስ ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱን ያልለቀቀች ሴት ናት። ቁስቋም ላይ ቤተ ክርስቲያንና ግንብ አሠራች፤ በ1765 ዓ.ም. እስክታርፍም የኖረችው እዚያው ነው። የእሷና የልጇ፣ የልጅ ልጇም አፅም እዚያ ይታያል። የግንቡ ፍርስራሽ ላይ ቆመን ስለ ውርስና ስለ ሞግዚትነት እንድንነጋገር አስቤያለሁ፤ ከመካከላችን ባሏ ሞቶባት የልጆቿን መሬት ለማስከበር ስትሟገት የከረመች አንድ ብቻ አይደለችም።

ከዚያ ፋሲል ግቢ። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. እንደተቆረቆረች ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ግቢው በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ከተመዘገበም ብዙ ዘመኑ ነው። ውስጡ የአንድ ንጉሥ ቤት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ተከታይ የራሱን ጨምሯል፤ የምንትዋብም ግንብ እዚያ አለ። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲያስወጡ በጣሉት ቦምብ የተጎዳ ክፍል እንዳለም ታያላችሁ። ግቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ እንይዛለን፣ በስማ በለው አንዞርም። ከሰዓት በኋላ የፋሲል መዋኛ፤ ጥምቀት የሚከበርበት ነው። ጥምቀት ዕለት እንሂድ ላላችሁ መልሴ አይሆንም ነው፤ አልጋው በእጥፍ ይወደዳል፣ በሕዝቡ መካከልም ልጅ ይጠፋል። ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ውቂያው ሲያልቅ ይሁን።

በሦስተኛው ቀን ወደ ባሕር ዳር እንወርዳለን፤ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። የምናድረው ባሕር ዳር ነው፤ ጀልባው ለአራተኛው ቀን ጠዋት። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ስለዚህ ከሰዓት የሚባል ጀልባ አንሳፈርም። የነፍስ አድን ጃኬት ለእያንዳንዷ ካልተሰጠ ደግሞ አንሳፈርም፤ ይህን ከባለ ጀልባው ጋር ዋጋ ከመነጋገር በፊት ነው የምንጠይቀው።

ባለ ጀልባዎች መጀመሪያ የሚጠሩላችሁ ክብራን ገብርኤልን ነው፣ ቅርብ ስለሆነ። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ። ከፍሎ ሄዶ ወደብ ላይ መቀመጥ የለም። የምንሄደው ዘጌ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ይገባል፤ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ተሂዶ የግድግዳውን ሥዕል እናያለን። በወር አበባ ላይ የምትሆን እኅት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንደማትገባ ይታወቃል፤ በቡናው ጥላ ሥር አብራት የምትቀመጥ ሌላ ሴት አስቀድመን እንመድባለን፣ ብቻዋን አትቀርም።

የቆረጥኳቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። ጎርጎራ የለም፤ ራሱን የቻለ ቀን ይጠይቃል። ጢስ ዓባይ የለም፤ በበጋ ውኃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚወሰድ ሙሉውን ፏፏቴ አናገኘውም፣ መስከረም ላይ ነው የሚታየው። ጋፋት፣ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት፣ ደብረ ታቦር አጠገባችን ነው፤ በገበያ ቀንም ይታያል። ልቤን ያሳዘነኝ ቋራጣ ነው። የወለተ ጴጥሮስ ደብር ነው፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሃይማኖቴን አልለውጥም ብላ የተሰደደች፣ ማኅበር መሥርታ ሴቶችን የሰበሰበች፣ ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ገድሏ የተጻፈ ሴት። ያውም በእኛው በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ዳርቻ። ግን አምስተኛ ቀን ይጨምራል፤ ለአምስት ቀን ከብቱን ማን ያጠጣል? ሁለተኛ ጉዞ ካለ ከእሷ ይጀመር።

መኪናው ኮስተር ይሁን፣ ቅጥቅጥ አይሁን፤ ልዩነቱን ወገብ ያውቀዋል። በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ መጸዳጃ ባለበት ከተማ እንቆማለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማውም በማለዳውም ደውለን እንጠይቃለን። ካልተረጋጋ አንወጣም፤ ገንዘቡም በየስማችሁ ይቀመጣል።

ምዝገባው ዛሬ ከስብሰባው በኋላ በጸሐፊያችን ዘንድ ይጀመራል። የስማዳዎቹ ቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ ማደሪያ የሚፈለገው ለእናንተ ነው። ጋቢ፣ ጫማና የየራሳችሁን ስንቅ፤ ቡናውና ጀበናው በእኔ በኩል ነው።